ከኋላ ወንበር አንድ ቀን

ክላክስ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከጎማው ቀድሞ የሚያልቅበት ክላክሱ ነው ይላሉ። እሱ ግን ስሙ የወጣልኝ ድምፄ ከሩቅ ስለሚሰማ ነው ባይ ነው። እውነትም ሲያወራ አንድ ሰፈር ይሰማዋል፤ ሲያስነጥስ ሦስት ሰፈር መስኮት ይዘጋል። በከተማው ውስጥ እሱ ያላሳፈረው ሰው ቢገኝ ገና ያልተወለደ ነው፤ ካልተወለዱትም ግማሾቹን በእናታቸው ሆድ ሳሉ አሳፍሯቸዋል።

ይህ አገር ያሳፈረ ሰው ታዲያ በሃያ አምስት ዓመት የትዳር ዘመኑ አንድም ቀን መኪና ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም። በዚህች ላይ ምንም አልተጨመረባትም። የሰርጋቸው ዕለት እንኳ ሙሽሮቹን ሊነዳ የመጣውን ሰው ማርሽ አቀያየሩ አላማረኝም ብሎ ከመሪው አስነሣና ከነሱፉ፣ ከነአበባው ራሱ ነዳ። ሙሽሪት ከኋላ በሁለት ሚዜዎች መሃል ተጣብቃ የባሏን ማጅራት እያየች ወደ ትዳር ገባች። ከዚያ ወዲህም ያው ነው። የራሳቸው መኪና ስላልነበራቸው የትም የሚሄዱት በሱ አውቶቡስ ነው፤ ለቅሶ ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ቢሆን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ቢሆን፣ እሱ ከመሪው፣ እሷ ከተሳፋሪው ጋር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ሁሉ ልብስ ስትለካ የሱን የሸሚዝ ኮሌታ ግን ለክታው አታውቅም። ማጅራቱን ስታይ ኖራ ልኩን በቃሏ ይዛዋለች።

ሦስቱ ልጆቻቸው የትዳራቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገው አዋጡና ሁለቱን ወደ አንዲት ደሴት ላኳቸው። ደሴቲቱ የተወራላትን ያህል ነበረች፤ እንዲያውም ትንሽ ትበልጥ ነበር። ዘንባባዎቹ ከመርዘማቸው የተነሣ ኮኮናት ከላይ ተበጥሶ መሬት እስኪደርስ ከሥሩ ያለው ሰው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ዘወር ይላል። ሁለት ቀን ባሕር ዳር ተኝተው እንደ ዳቦ ተገላበጡ። በሦስተኛው ቀን ደሴቲቱን ዞሮ የሚያሳይ ሚኒባስ ተመዘገቡ።

«ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለችው ሚስቱ በቁርስ ሰዓት፣ ፓፓያዋን በማንኪያ እየፋቀች።

«እንኳን አንድ፣ መቶ ጠይቂ።»

«አጠገቤ ትቀመጣለህ። ጠዋት ስንነሣም፣ ማታ ስንመለስም። እንደ ሰው ተሳፋሪ ትሆናለህ።»

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«የኔ እመቤት፣ በመቀመጥ የሚስተካከለኝ አለ እንዴ? ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ተቀምጬ ነው።»

«እናያለን» አለች፤ ፓፓያዋን ጨረሰች።

ለዚህ ቀን ብላ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሱ ሸሚዝ፣ ለራሷ ቀሚስ ሰፍታለች። ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ዓሣ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓሣዎቹ ከሱ ደረት ተነሥተው ወደሷ ትከሻ የሚዋኙ እስኪመስሉ ድረስ ጨርቁን አስተካክላ ነበር የቆረጠችው። ጎን ለጎን ካልቆሙ ግን አይታይም።

ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ላይ ከሆቴሉ በር ቆመ። ሾፌሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸው ከመኪናው ይልቅ ያረጀ። አስጎብኚዋ ፈጣን ወጣት ሴት ስትሆን ከበሩ ጎን ካለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ሆና በማይክሮፎን ትናገራለች። እንግዶቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንድ ጥርስ ሐኪም ከነሚስቱ፣ ከተጋቡ ገና ሳምንት ያልሞላቸው ሁለት ሙሽሮች፣ በጡረታ የተሰናበቱ ስድስት መምህራን፣ እና ክላክስና ሚስቱ። ሚስቱ ከሁሉ ቀድማ ገብታ የመጨረሻውን ወንበር ያዘች፤ ራሷ በመስኮት በኩል፣ እሱ በመሃል በኩል። ተቀመጠ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ። ዓሣዎቹ መዋኘት ጀመሩ።

ሦስት ኩርባ እንዳለፉ ሚስቱ ወደ እግሩ አየች።

«እግርህ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም።»

«ወለሉን ትረግጣለህ እኮ። እዚያ ጋ ፍሬን የለም።»

«እኔማ አውቃለሁ። ያላወቀው እግሬ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ደስ አለውና ትንሽ ቆየ፤ እስከ ስድስተኛው ኩርባ። እዚያ ላይ ሽማግሌው ማርሽ ሲቀይሩ ቁም ሣጥን በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ክላክስ ጥርሱን እንደ ተነቀለ ሰው ፊቱን ጨመደደ። ድምፁ አሁንም ወጣ። በሦስተኛው ጊዜ ግማሽ ቂጡ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር።

«ፍሪሲዮኑ ነው» አላት። «አንድ ነገር ነግሬያቸው ልመለስ። መጣሁ።»

ይህቺን «መጣሁ» ሚስቱ ታውቃታለች። ልጃቸው ስትወለድ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ፣ የተመለሰው ልጅቷ ስም ወጥቶላት ነው። ባርኔጣዋን አውልቃ በባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ቦታ መያዣ።

ጋቢናው ባዶ ነበር። ክላክስ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው መብራት ቤት ጋ ሲቆሙ ገባበት፤ መብራት ቤቱን ጎብኝተው ሲመለሱም ሚስቱ ሳታየው የገባ መስሎት እንደገና ገባበት። ሽማግሌው ዝም ብለው ስለሚሰሙ ወሬው እንደ ውኃ ወረደ። አውቶቡሱን በገበያ ቀን፣ በሰው መሃል፣ አርባ ብሎክ ወደ ኋላ እንደነዳ ነገራቸው። «ካላመኑኝ ሚስቴን ይጠይቋት» አለና ከፍ አድርጎ ተጣራ፤ «አይደለም እንዴ?»

«አራት» አለች ሚስቱ ከኋላ።

መምህራኑ ሳቁ። ክላክስም አብሮ ሳቀ፤ የለመደው ነው። ቤታቸው ውስጥ ወሬ የሚሰፋው እንዲህ ነው። እሱ ጨርቁን ይዘረጋል፣ እሷ በልኩ ትቆርጣለች። እሱ ቀጠለ፦ በአንድ ክረምት ጎርፍ ውስጥ መቶ ሃያ ሰው አሳፍሮ ተሻገረ። «ሠላሳ አምስት» አለች ከኋላ። በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ሴት አዋልዷል። «አምቡላንስ ጠራ» አለች። ሽማግሌው ሾፌር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ነጩ አሸዋ ካለበት ባሕር ዳር ሲነሡ አስጎብኚዋ እንግዶቹን በጣቷ ስትቆጥር፣ መምህራኑ ፎቶ ለመነሣት ቦታ እየተቀያየሩ ሦስት ጊዜ አሳሳቷት።

«ልጄ፣ ይሄን ለኔ ተይው» አላት ክላክስ። ስፖኪዮውን ወደ ራሱ አዞረ። «ራስ ነው የሚቆጠር እንጂ ፊት አይደለም። ፊት ማየት ከጀመርሽ ሰላምታ ይመጣል፣ ሰላምታ ከመጣ ቁጥር ይጠፋል። ከኋላዬ አሥራ አንድ ራስ። እኔ አሥራ ሁለት። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ተሳፋሪ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ይሳቡት አባት።»

አስጎብኚዋ አመስግና ቆጠራውን ለሱ ለቀቀችለት።

አናናስ እርሻው ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንዳንድ ቁራጭ አናናስ ታደለ። ክላክስ የራሱን ከሽማግሌው ጋር ጋቢና ሆኖ በላ። አናናሱ ከመጣፈጡ የተነሣ የበላው ሰው ለሁለት ቀን ስኳር ያለው ሻይ ይመርረዋል። ሚስቱ የራሷን ግማሽ በልታ ግማሹን በወረቀት ጠቀለለች፤ ከባርኔጣው ሥር ሸጎጠችው። ከፊቷ ያሉት ሙሽሮች አንዱን ቁራጭ ከሁለት ጫፍ ሲበሉ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዘች።

የመጨረሻው መቆሚያ ፏፏቴው ነበር። ፏፏቴው ከላይ ከጫካው ውስጥ ነው የሚወርደው። ለማየት በድንጋይ የተሠራ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል፤ አስጎብኚዋ ሰማንያ ደረጃ ነው ብላለች፤ ክላክስ በኋላ ሲያወራው ስምንት መቶ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ተሰጣቸው። ሚስቱ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ በወረቀት የተጠቀለለውን ይዛ ወደ ጋቢናው መስኮት መጣች።

«ና፣ አብረን እንውጣ» አለችው።

ሽማግሌው ግን ኮፈኑን ከፍተው ነበር። ራዲያተሩ ይጨሳል። ክላክስ የሚጨስ ራዲያተር አይቶ ሲያልፍ የታየበት ጊዜ የለም።

«ቅደሚ» አላት፣ ጭንቅላቱን ከሞተሩ ሳያወጣ። «አንዴ ውኃ ላድርግለትና መጣሁ።»

ትንሽ ቆማ ማጅራቱን አየችው። ከዚያ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

እሱ ውኃ ጨመረ። የላላ ቧንቧ አጠበቀ። ስለ ራዲያተር ሲያወራ ግማሹ ሰዓት አለቀ። እንግዶቹ ፀጉራቸውን እያራገፉ ተመለሱ። ሽማግሌው ሾፌር በዚህ ፏፏቴ ደጅ ፍራፍሬ የሚሸጡ እህት አላቸው። ሴትዮዋ ዕለት ዕለት ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በዚሁ ሚኒባስ ነው። በኋላ በር ገብተው፣ ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አስጎብኚዋ ይህን ስለምታውቅ ሴትዮዋን ቆጥራቸው አታውቅም። ለክላክስ ግን ይህን የነገረው ሰው የለም።

በስፖኪዮ አየ። ራስ ቆጠረ። አሥራ አንድ።

«እኔ አሥራ ሁለት» አለ። «ይሳቡት አባት።»

መንገዱ ከፏፏቴው በኋላ ይጠባል። በአንድ ወገን ግድግዳ የሚያህል ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ከታች ባሕር። መምህራኑ አንቀላፉ። ሙሽሮቹ ሌላ ዓለም ላይ ነበሩ። ከሙሽሮቹ ፊት የተቀመጠው ጥርስ ሐኪም ብቻ ነቅቶ ስለነበር ክላክስ ወሬውን ለሱ አደረገ።

«አንድ ጊዜ» አለ፣ ወደ ኋላ ዞር ሳይል፣ «አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቦርሳቸውን ረስተው ወረዱብኝ። አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው አዙሬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተመልሼ ቤታቸው ድረስ አደረስኩላቸው። ቦርሳ ነው እንግዲህ። ሰውማ ቢሆን ኖሮ አስበው። እኔ ሰው ጥዬ አልሄድም። ካላመንከኝ ሚስቴን ጠይቃት።»

ጠበቀ። ሚስቱ ሠላሳውን ሦስት ልትለው ይገባ ነበር።

ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም።

«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው ያልኩት» አለ ከፍ አድርጎ።

ሞተሩ ብቻ ነበር የሚሰማው። ክላክስ ስፖኪዮውን ትቶ፣ አንገቱን አዙሮ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አየ። ከመጨረሻው ወንበር፣ በመስኮት በኩል፣ ቅርጫት የታቀፉ የማያውቃቸው ሴትዮ ተቀምጠዋል።

«እኔን ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

ክላክስ በሕይወቱ ሚሊዮን ጊዜ ሲባል ሰምቶት፣ አንድም ጊዜ ከራሱ አፍ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ያኔ ተናገረ።

«ወራጅ አለ» አለ። ድምፁ ጋቢናውን እንኳ አልሞላም።

ሽማግሌው መኪናውን አቆሙ። የሆነውን ስትሰማ አስጎብኚዋ ማይክሮፎኑን ከእጇ ጣለች። እዚህ መዞር አይቻልም፤ ማዞሪያ የሚገኘው ከሁለት ኩርባ በኋላ ያለው መንደር ጋ ነው።

«አንተ አርባ ብሎክ ወደ ኋላ ትነዳ የለ» አሉት ሽማግሌው፤ ሲያሾፉበት ይሁን ከልባቸው አልለየም። መሪውን ለቀቁለት።

ክላክስ መንገዱን አየ። ባሕሩን አየ።

«አራት ነው» አለ። «እሱም ሜዳ ላይ ነው።»

ወረደና በመጣበት አቅጣጫ ሮጠ።

አሯሯጡን በተመለከተ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት በኋላ አልተስማሙም። ጥርስ ሐኪሙ እንደ አጋዘን ነበር ይላል፤ መምህራኑ ደግሞ ጭነት የበዛበት ጋሪ ብለውታል። እሱ ራሱ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። በነጠላ ጫማ እየሮጠ፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ በአእምሮው ውስጥ ሚስቱን ለመፈለግ ሞከረ፤ መንገድ ላይ ሰው ቢያገኝ እንዴት ያለች ናት ብሎ እንደሚጠይቅ። አንዲት ፀጉሯን በመሃረብ ያሰረች ሴት በመስታወት ውስጥ፣ ከብዙ ሰው መካከል፣ ትንሽ ሆና መጣችለት። ያየው ሁሉ በመስታወት ነበር። እሷ የሱን ኮሌታ በቃሏ ስታውቅ እሱ ከፊቷ የሚያውቀው ሁለት ጣት ስፖኪዮ የሚይዘውን ያህል ነው። ይህ ነገር ከሩጫው ይልቅ አደከመው።

ከኩርባው ማዶ ሙዝ የጫነ የጭነት መኪና መጣ። መኪናው ከሙዙ ብዛት የተነሣ የሚሄድ ኮረብታ ነው የሚመስለው። የምትነዳው ክንዷ ወፍራም የሆነ ሴት ነበረች። ክላክስ መሃል መንገድ ቆሞ ሁለት እጁን አነሣ። መኪናው ቆመ። ከጋቢናው በተሳፋሪ በኩል ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ዓሣ የለበሰች ሴት አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?» አለችው ሚስቱ።

ክላክስ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ። ተጨዋች ሰው ነው፤ እንዲህ ሆኖም እንኳ ጨዋታ አያመልጠውም።

«ሚስቴ ጠፍታብኝ ነው።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

«እንደኔ።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት?»

ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ዐይኗ ሥር ላይ፣ በግራ በኩል፣ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ጥቁር ነጥብ አለች። ይህቺን ነጥብ ከዛሬ በፊት አይቷት እንደሆነ ማስታወስ አልቻለም።

«ግራ ዐይኗ ሥር ነጥብ አለባት» አለ።

ሾፌሯ ሴትዮ ዞር ብላ የሚስቱን ፊት አየችና «እውነቱን ነው» አለች።

«ላይ ሆኜ ጠበቅኩህ» አለችው ሚስቱ፣ ጨዋታውን ትታ። «መጣሁ ስላልክ። ሰው ሁሉ ሲወርድ አንተ እየወጣህ መስሎኝ ከድንጋዩ አልተነሣሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ቆጠርክ አይደል?»

«ቆጠርኩ። ሞልቶ ነበር።»

ይህን ሲል ሚስቱ ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች ብሎ ደንግጦ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ስትስቅ አገኛት። ሳቋ እስኪያልፍላት ድረስ እዚያው በፀሐይ ቆሞ ጠበቀ፤ መቸኮል አልፈለገም።

«ቦታ አለ?» አለ በመጨረሻ።

«ጋቢና ሞልቷል» አለች ሚስቱ። «ከኋላ ነው።»

ሙዙ ላይ ወጣ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት አንድ እጅ በመስኮት ወጥቶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቀበለው። ሞቋል፣ ትንሽም ተጨፍልቋል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ አናናስ በልቶ እንደማያውቅ ለማለት አፉን ከፈተና፣ የሚሰማው ሙዝ ብቻ ስለነበር ዝም ብሎ በላ።

ሚኒባሱ መንደሩ ጋ ዞሮ ሊመለስ ሲል ደረሱበት። የመምህራኑ እንቅልፍ ጠፍቷል። አስጎብኚዋ ሚስቱን «እትዬ፣ ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» ብላ እቅፍ አደረገቻት። «የሰውዬው ነው፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አለቻት ሚስቱ። ሽማግሌው ሾፌር የጋቢናውን በር ለክላክስ ከፍተውለት ነበር፤ ሲያልፍ እንኳ አላየውም። እህታቸው ቅርጫታቸውን ይዘው ወደ ጋቢናው ተዛወሩ።

ከመጨረሻው ወንበር ሚስቱ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጠጋ በል» አለችው፤ ተጠጋ።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሮጥክ?» አለው ጥርስ ሐኪሙ ከፊት ዞሮ።

ክላክስ ላቡን በሸሚዙ ዓሣ ጠረገ። «አንድም አይሞላም» አለ። ደክሞት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ተናገረ።

«አሥር» አለች ሚስቱ፣ ወደ ውጭ እያየች።

ጥርስ ሐኪሙ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አየ። «አሥር ነው እንጂ» አለች እንደገና፣ እንደ ቁም ነገር። «እኔ እኮ ጋቢና ሆኜ አይቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ማርሽ ቀየሩ፤ ቁም ሣጥኑ ተጎተተ። ክላክስ ዐይኑን ጨፈነ እንጂ አልተነሣም። የመጀመሪያው ኩርባ ሲመጣ ቀኝ እግሩ ሳያስፈቅደው ወለሉን ረገጠ። ሚስቱ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን በእግሩ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ሆቴሉ ድረስ ኩርባው ብዙ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ አብረው ፍሬን ያዙ።